ሊሻን የጠቀለለችው ቅቤ

እኔ ገነቴ እባላለሁ። ሆሳዕና ቅቤ ተራ፣ ከሊሻን መደብ ቀጥሎ ያለው መደብ የኔ ነው። እሷ ስትነሳ ዕቃዋን እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ ስነሳ የኔን እሷ ትጠብቃለች። ስለዚህ ሰው ስለሷ የሚያወራውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንዱ «ዘመናዊነት አማራትና ቅቤውን በወረቀት አበላሸችው» ይላል። ሌላው «ልጁ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ነው የሄደው» ይላል። ቅቤው አልተበላሸም። ልጁም አልተጣላም። ቢጣላማ ምን ነበረበት፣ የተጣላ ሰው ይታረቃል።

ሊሻን የፎንቆ ልጅ ናት። አክሊሉ የሚባል አናጢ አግብቷት ነው ሆሳዕና የመጣችው። አክሊሉ ተጫዋች ሰው ነበር፤ በር ሊሠራ የሄደበት ቤት ቤተሰቡ ሥራውን ትቶ ከበበው ማለት ነው። ዕድሜ ግን አልሰጠውም። ኩላሊቱን ታሞ ሲሞት ትልቁ ልጅ ጴጥሮስ ገና ፊደል ይቆጥር ነበር፣ ትንሹ ቲቶ ደግሞ ከጀርባዋ አልወረደም። ዘመዶቿ ወደ ፎንቆ ተመለሺ አሏት። እሷ ግን ቲቶን አዝላ፣ ከእናቷ ቤት ያመጣችውን ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ እኔ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ምን ኩራተኛ ናት ብዬ አኮረፍኳት። ከሰዓት በኋላ ልጁ አላስቆም ብሎ ሲያለቅስባት ተቀብያት አዘልኩት። ከዚያ ወዲህ በመሃላችን ኩርፊያ ገብቶ ከርሞ አያውቅም።

ቅቤ ሁላችንም እንሸጣለን። የሊሻን ሙያ መጠቅለሉ ላይ ነው። ለጋ ቅጠል ይቀደዳል፣ ያረጀው ይሰነጠቃል፤ እሷ የምትመርጠው መካከለኛውን ነው። መሃሉ ላይ ያለውን ዘንግ በቢላዋ ትልጠዋለች፣ ከዚያ እሳት ላይ ለብለብ ታደርገዋለች፣ ያኔ ቅጠሉ እንዳሻት ይታጠፍላታል። ቅጠሉ ሁለት ፊት አለው። ላይኛው ያብረቀርቃል። ታችኛው ደብዘዝ ያለ ነው፣ እጅ ሲነካው የሚለቅ ነጭ ዱቄት አለው። ቅባቱን የሚያግደው ያ ዱቄት ነው ትላለች። «ሆዱ ለቅቤ፣ ጀርባው ለሰው» ነበር አነጋገሯ፤ ደብዛዛው ወደ ውስጥ፣ የሚያብረቀርቀው ወደ ውጭ። አዲስ የመጣች ልጅ ለንጽሕና ብላ ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ ካየቻት እጇን ቸብ ነው የምታደርጋት። ሊሻን የጠቀለለችውን ቅቤ ከነጭ ነጠላ ጋር በአንድ ሻንጣ ከተው አዲስ አበባ ይወስዱታል፣ ነጠላው ላይ አንዲት ጠብታ አይገኝም። ከሀደሮና ከአዲሎ ድረስ ለሠርግ ቅቤ የሚልኩ ሰዎች፣ ቅቤውን ከሌላ ገዝተው ለመጠቅለሉ እሷ ጋ ያመጡት ነበር። በዚህ ትመካለች። ትመካ እንጂ፣ በምን ሌላ ትመካ?

በኛ ከተማ ጢም ያወጣ ወንድ ልጅ ልቡ ደቡብ አፍሪካ ነው። አዲስ ፎቅ ሲቆም ባየን ቁጥር «የማን ልጅ ላከው?» እንባባላለን። የማን ልጅ ሳይልክ እንደቀረ ግን የሚጠይቅ የለም። ጴጥሮስንም ደላላ ይዞት በሞያሌ በኩል ወጣ። ከታንዛንያ ደወለ። ከማላዊም ደውሎ ጫማዬ አለቀ ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም። አብረውት ከሄዱት አንዱ ታሞ ጫካ ውስጥ ቀረ ይላል፣ ሌላው የለም ታስሮ ነው ይላል። አልቅሰን እንዳይወጣልን ሬሳ የለ፣ ተስፋ አድርገን እንዳንጠብቅ ድምፅ የለ። ሰው ሊያስተዛዝናት ሲመጣ «ልጄ አልሞተም» ብላ መለሰችው፣ በነጋታው ቅቤ ተራ መጥታ ቀኑን ሙሉ ስትጠቀልል ዋለች። እኔም ቅጠል ሳቀብላት ዋልኩ።

ቲቶ ከወንድሙ ሌላ ነው። ዝምተኛ ነው፣ ደግሞ ይሉኝታ ያጠቃዋል። ሕፃን ሆኖ እንኳ ሆዱ እየጮኸ «በላህ ወይ?» ስለው «በላሁ» የሚለኝ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ መጣ፣ ሥራ ግን የለም። ማለዳ ወጥቶ ማስታወቂያ አንብቦ ይመለሳል። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሄዱ። በመጨረሻ እሱም ከናቱ ሳይደብቅ ደላላ እንዳነጋገረው ነገራት። ሊሻን አልጮኸችም፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እሱም አጠገቧ ቁጭ ብሎ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ እሱን ልሞክር፣ ከተሳካልኝ ካንቺ ጎን አልለይም፣ ካልተሳካልኝ ግን አትያዢኝ አላት። እሺ አለችው። ሊሻን ደግሞ እሺ ካለች እሺ ነው።

ሐሳቡ ቅቤያችንን በካርቶን አሽጎ አዲስ አበባ መሸጥ ነበር። እዚያ ትልቅ የምግብ መደብር ያላቸው ወይዘሮ ተናኜ የሚባሉ ሴት አግኝቶ አነጋግሯቸዋል። ቅቤውን ቀምሰው ወደውታል። ያስቸገራቸው ቅጠሉ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ይደርቃል፣ ሰውም ምን እንደሆነ አያውቀውም። በካርቶን አምጣ፣ ካርቶኑ ላይ ግን የቅባት ነጠብጣብ ካየሁ አልቀበልህም፣ ወዝ የነካውን ዕቃ ደንበኛ አንስቶ መልሶ ነው የሚያስቀምጠው፣ አጠገቡ ያለውንም ያበላሽብኛል ብለውታል። እውነታቸውን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ቅባት የጠጣ ወረቀት ደግሞ ምን ቢያደርጉት አይጸዳም። ቲቶም ሲፈልግ ሲፈልግ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ወረቀት አገኘ። አንድ ፊቱ ላይ ቅባት የማያሳልፍ ስስ ነገር ተቀብቷል። ቅቤው መጀመሪያ በዚያ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ነጩ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ አረንጓዴ ፊደል ምን ብሎ እንዳሳተመ ታውቃላችሁ? «ሊሻን» ብሎ ነው። ስታየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ግን አላስቻለኝም፣ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንቺን የሚያናግር በቀጠሮ ነው አልኳት።

የመጀመሪያው ጭነት ቅቤ የመጣው ከዊጆ ነው። ዊጆ የኛ የሴቶች ማኅበር ነው፤ በዓል ሲደርስ ማንም ቤት ቅቤ እንዳይታጣ እያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ እያዋጣን ተራ በተራ ለአንዳችን እንሰጣለን። ያን ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ ተራችንን ለሊሻን ይሁን አልን። ሌላ ምክንያት አልነበረንም፤ ልጁ እንዲቀርላት ነው። ጴጥሮስን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ሰንበት ጸሎት ቤት ስንገናኝም የምንጸልየው ስለዚያው ካርቶን ነበር፤ ጌታ በካርቶን ጉዳይ እንደዚያ ተለምኖ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የሚጠቀለልበት ቀን ሊሻን ግቢ ተሰበሰብን። ቲቶ የጎደለውን ቅቤ ሊያመጣ ወደ አንጋጫ ሊሄድ ነው። ከመውጣቱ በፊት ከወረቀቱ አንዱን አንስቶ ወደ ናቱ ቀረበ። ይሄ ወረቀት እንደ ቅጠሉ አይደለም እማ፣ አንዱ ፊቱ… ብሎ ጀመረ። ሊሻን አላስጨረሰችውም።

«ቅቤ መጠቅለል ከአንተ ልማር? አንተን በምን አሳደግኩህ?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ የሚያስቅ ነበራ። ቲቶም አንገቱን ሰበር አድርጎ አብሮን ሳቀ፣ ወረቀቱን ከሌሎቹ ላይ መልሶ አስቀመጠና ሄደ። ኧረ ምነው ያን ቀን ጉንፋን ይዞን ያን ሳቅ ባስቀረልን እላለሁ አንዳንዴ። ልጁ ቃሉን ቢጨርስ ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ነበር።

ሊሻን ነጠላዋን አሸርጣ ቁጭ አለች። ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። አንዱ ፊት ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ የሠራችው ሥራ ነው፤ ምን ታስብበታለች? ደብዛዛውን ለቅቤው ሰጠች፣ የሚያብረቀርቀውን ወደ ውጭ አደረገች። ጠርዙን አጥፋ፣ ዳሩን ሸጉጣ፣ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠችው። እንዴት ያምር ነበር። አንዷ ሴትዮ ይሄማ ለሙሽራ ነው የሚሰጠው አለች። ቲቶ ከአንጋጫ ሲመለስ ሁሉም ተጠቅልሎ፣ ካርቶኑም ታሽጎ ጠበቀው፤ የቀረው እሱ ያመጣው ብቻ ነው፣ እሱንም እጁን ሳይታጠብ ተቀብላው ጠቀለለችው። ቆሞ ያያት ነበር። እጇን ያይ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያንን እጅ ሳማት። ያኔ ገብቶት ነበር ወይስ አልገባውም? እኔ እንጃ። ገብቶት ቢሆን እንኳ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ክፈቺው የሚል ልጅ አልነበረም።

ጭነቱን የወሰደው ኑሪ ነው፣ ቲቶም አብሮት ሄደ። ኑሪ ሚኒባስ ይነዳል፣ ከሆሳዕና አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ ቲቶን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ቅቤው ፀሐይ እንዳይነካው ብሎ ከላይ አልጫነውም፣ ሁለት ወንበር ሳያስይዝ ውስጥ አስቀመጠው። ግን በጋ ነው፣ ቡታጅራ ሲደርሱ ሙቀቱ ለሰውም አልተቻለ። ሊሻን ያን ቀን ቅቤ ተራ አልመጣችም። ስሄድባት ቤት እየጠረገች ነበር። የተጠረገውን ደግማ ትጠርጋለች።

በማግስቱ ቲቶ ከነካርቶኑ ተመለሰ። ካርቶኖቹን ግቢ ውስጥ ሲያወርዳቸው ሁላችንም አየን። ያ ነጭ ካርቶን ቢጫ ሆኗል። ቅባቱ ወረቀቱን አልፎ፣ ካርቶኑን ጠጥቶት፣ አቧራ ይዞበታል። «ሊሻን» የሚለው ጽሑፍ ደብዝዞ ግማሹ አይነበብም። ሊሻን አንዱን አንስታ ከፈተችው፣ ቅቤውን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው። ቅቤው ምንም አልሆነም ነበር፤ የተበላሸው ልብሱ ነው።

ቲቶ ወረቀቱ ነው እማ፣ ሻጩ አጭበርብሮኛል፣ የማይረባውን ነው የሰጠኝ አለ። ሴቶቹ ሁሉ ያንን የማናውቀውን ሻጭ ስንረግመው ዋልን። እኔማ አፌ ስድብ አያጣም፣ ዘር ማንዘሩን አዳረስኩለት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰውዬው ምንም አላጠፋም ነበር። ሊሻን ግን አልተሳደበችም። ከዛሬ ወዲያ ወረቀት የሚባል ነገር ቅቤዬን አይነካውም አለች። አለች ብቻ ሳይሆን ማለች። ሊሻን ከማለች ደግሞ አበቃ።

ቲቶ ትንሽ ቀናት ቆይቶ አንድ ጊዜ ሞክሯል። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሌላ ወረቀት ፈልጌ፣ አንድ ሰው ቀጥረን እሱ ቢጠቀልለው፣ አንቺም ብታርፊ፣ ብዙ ደክመሻል አላት፤ ድምፁ በግድ ነው የሚሰማው። ቅቤ እያነጠረች ነበር። ቀና ብላ «ሞቻለሁ እንዴ?» አለችው። በቁጣ አይደለም፣ በቀልድ ነው ያለችው። እሱም ፈገግ አለ፣ ሁለተኛም አላነሳውም።

ከዚያ ሄደ። የሄደበትን ዕለት ብዙ ማውራት አልፈልግም። ቃሏን ሰጥታለችና አልያዘችውም። ሂድ አልልህም፣ አትሂድም አልልህም አለችው፤ እስከ በሩ ሸኝታው ተመለሰች። እኔ ነኝ መንገድ ላይ ወጥቼ ያለቀስኩት። ታንዛንያ ሲደርስ ደወለ። ማላዊ ሲደርስ ሲደውል ሊሻን ስልኩን መያዝ አቅቷት እኔ ነኝ ያናገርኩት። ጌታ ይመስገን፣ ማላዊን አለፈ። ደረሰ። አሁን ደርባን አካባቢ የሰው ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ሌባ ስለሚበዛ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ነው የሚሸጡት ይለናል። የምንልከው ነገር የለም፣ ከመጸለይ በቀር። በየሳምንቱ ሰንበት ይደውላል።

ነገሩ የታወቀው በክረምቱ ነው። ያ የተረፈው ወረቀት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ከርሟል፣ ሊሻን ዕቃ አትጥልም። አንድ ጠዋት ቅቤ ስታነጥር ጭልፋውን የምታሳርፍበት አጥታ አንዱን ወረቀት ስባ ምድጃው አጠገብ አነጠፈችው፤ የሚያብረቀርቀው ወደ ላይ ነበር። ጭልፋውን ስታነሳ ቅባቱ ወረቀቱ ላይ እንደ ውኃ ቆሟል። በጨርቅ ብትጠርገው ጠፋ፣ ወረቀቱ ደረቅ ነው። ሌላ ወረቀት አመጣች፣ ደብዛዛውን ፊት ወደ ላይ አድርጋ አነጠፈችና ያንኑ ያህል ቅባት ጠብ አደረገችበት። ወረቀቱ ወዲያው ጠጣው፣ በማዶው በኩል ግን የሚያብረቀርቀው ፊት ምንም አላሳለፈም። ቅባቱ በደብዛዛው ውስጥ ለውስጥ እየሄደ በወረቀቱ ጠርዝ ዙሪያውን ወጣ፣ ስታጥፈውም በታጠፈበት በኩል ሾለከ። ሁለቱን ወረቀት ይዛ ዝናብ እየመታት እኔ ቤት መጣች። ጫማ አላደረገችም ነበር። በሩ ላይ ቆማ ነው የነገረችኝ።

«ገነቴ፣ ወረቀቱ ደህና ነው።»

አልገባኝም። ግቢ፣ ዝናቡ መታሽ አልኳት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አሳየችኝ። የሚያብረቀርቀው ወደ ቅቤው መሆን ነበረበት። ሆዱና ጀርባው እንደ ቅጠላችን አልነበረም። እኔም ያን ቀን አጠገቧ ነበርኩና ምን ብዬ ላጽናናት? ማን ያውቃል፣ ማናችንም አናውቅም ነበር፣ ብናውቅ እንነግርሽ ነበር አልኳት። ቲቶስ ያውቅ ነበር ወይ አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ቀጥታ ወደ መናኸሪያ ሄደች፣ እኔም ጃንጥላ ይዤ ተከተልኳት።

ኑሪን ሚኒባሱን ሲያጥብ አገኘነው። ያን ቀን መደብሩ ውስጥ የሆነውን ንገረኝ አለችው። ኑሪ መጀመሪያ አላስታውስም አለ። ከዚያ ተሳፋሪ እየጠራሁ ነው አለ፤ ተሳፋሪ የለም። ከዚያ ፊቷን አየና እጁን በሱሪው ጠርጎ ወላሂ እትዬ ሊሻን፣ ለልጁ ቃል ሰጥቼዋለሁ አለ። ሊሻን ከፊቱ ንቅንቅ አላለችም። ዝናቡ እኛንም እሱንም ያርሰናል። ኑሪ ሩኅሩኅ ሰው ነው፣ አልቻለም፣ ተናገረ።

ወይዘሮ ተናኜ አንዱን ካርቶን ከፍተው ወረቀቱን ሲያዩ ወዲያው ገብቷቸዋል። አልተቆጡም። ቅቤያችሁ ግሩም ነው፣ ወረቀቱ ተገልብጦ ነው እንጂ ሌላ ችግር የለውም፣ እንደገና ጠቅልላችሁ አምጡ፣ እቀበላለሁ ብለዋል። ቀጥለው ማን ነው የጠቀለለው ብለው ጠየቁ። ቲቶ እኔ ነኝ አለ። ኑሪ አፉን ሊከፍት ሲል ቲቶ እግሩን ረገጠው። ሴትዮዋ ስቀው አንተማ ቅቤ አታውቅም፣ ይህች ስሟ ካርቶኑ ላይ ያለው እናትህ ከሆነች ለሷ ስጣት፣ እሷ ትጠቅልለው ብለው መከሩት። እሺ አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ።

ኑሪ በመንገድ ላይ ተቆጥቶታል። ምን ችግር አለው፣ ለእናትህ ገልብጪው በላት፣ በቃ፣ ብሎታል። ቲቶ የመለሰለት ቡታጅራን ሲያልፉ ነው። ያለውንም ኑሪ አንድም ሳያስቀር ነገረን።

«ኑሪ፣ እማ ባሏን ቀብራለች፣ ጴጥሮስን አጥታለች። እኔ ነኝ ብላ የምትመካበት ይሄ ሙያዋ ብቻ ነው የቀራት። የዊጆ ሴቶች ሁሉ በተሰበሰቡበት አበላሸሽው ብዬ እሱንም ልንጠቃት?»

ኑሪ እና አንተስ ብሎ ጠየቀው። እኔ ወጣት ነኝ አለው። ይኸው ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። ይነቅዛል እንጂ፣ እንዴት አይነቅዝም። አንድ ልጅ በመልካምነቱ ዝም አለ፣ የሁሉም ሰው ሕይወት ተናጋ። ገልብጪው፤ አንዲት ቃል ናት። ለደላላ፣ ለድንበር ጠባቂ፣ ለጫካ አውሬ ራሱን ሲሰጥ ያልፈራ ልጅ ያቺን አንዲት ቃል ፈራ። እኔ አፈ ፈጣን ነኝ፣ አንዳንዴ ሰው ይቀየመኛል፤ የተቀየመኝ ሁሉ ግን ዛሬም ጎረቤቴ ነው።

ሊሻን ኑሪን አልተቆጣችም፣ አመስግናው ተመለሰች። መንገድ ላይ አላለቀሰችም። ወደ ቤቷ ስንደርስ ሰንበት ስንት ቀን ቀረው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ሰንበት ከጸሎት ቤት መልስ አብሬያት ገባሁ። ቲቶ ሲደውል ሁለታችንም እንድንሰማው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰላም ተባባልን። ብርድ ነው አለ፣ እዚያ አሁን ብርድ ነው። ሱቁ ደህና ነው፣ እሱም ደህና ነው። እሱ ሁልጊዜ ደህና ነው። ሊሻን ወደ ስልኩ ጠጋ አለችና የዚያ ወረቀት ነገር ምን ነበር ልጄ ብላ ጠየቀችው። በማዶ ከኋላው ሰው ዕቃ ሲጠይቅ ይሰማል።

«ወረቀቱ ነው እማ» አለ። «መጥፎ ወረቀት ነበር። ያንቺ እጅማ ምን ያጠፋል?»

አውቄያለሁ ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ኑሪ ነግሮኛል፣ ተመለስ፣ ሌላ እንጠቅልል ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። «እሺ ልጄ» አለችው። ተባርከህ ዋል፣ በሩን ዝጋ፣ ማታ ማታ አትውጣ አለችው። ስልኩ ተዘጋ። ከየት ወጣ ቢባል ከማን ይወጣል፣ ልጁ የሷ ልጅ ነው።

ለረጅም ጊዜ ስልኩን እያየች ተቀመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

«አንቺ ተይው ቢለኝ ምን ነበረበት ገነቴ? እማ፣ አንቺ አረፍ ብለሽ ተቀመጪ፣ ሌላ ሰው ይጠቅልል ቢለኝ እኮ እቀመጥ ነበር። አልቀመጥም ነበር?»

ሊሻንን አውቃታለሁ። አትቀመጥም ነበር። ቲቶም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፣ ለዚህ ነው ዛሬ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ ለሰው ሳሙና የሚሸጠው። እሷ ግን ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ መልሴን ትጠብቃለች።

«ትቀመጪ ነበር» አልኳት።